ፍተሻም ምርምር ነው

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ መምህራን፣ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ሒሳብ፣ ስታቲስቲክስና ፊዚክስ ለካንሰር ምርምር ያደረጉት አስተዋጽኦ» ይላል። የምስጋና ርዕስ ነው፤ ምስጋናውንም አላስቀርም። ግን ቶሎ እጨርሰዋለሁ፤ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነውና። ጉዳዩ የሌላውን ውጤት የሚፈትሽ ሰው በሙያችን ዋጋ አለማግኘቱ ነው፤ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። በየስብሰባው በሻይ ዕረፍት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናወራው ነው። ዛሬ በድምፅ ማጉያ ይነገር ብዬ ነው።

ከምስጋናው ልጀምር። በ1943 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምናገረው) ባዮሎጂስቱ ሳልቫዶር ሉሪያና ከፊዚክስ የመጣው ማክስ ዴልብሩክ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ባክቴሪያ ቫይረስን የሚቋቋመው ከቫይረሱ ጋር ስለተገናኘ ነው ወይስ ቀድሞ በአጋጣሚ በተፈጠረ የዘር ለውጥ? ባክቴሪያውን በብዙ ብልቃጥ ለየብቻ አሳደጉ፤ ከዚያ ከቫይረሱ ጋር አገናኝተው ከየብልቃጡ ስንት እንደተረፈ ቆጠሩ። ለውጡ በግንኙነቱ ጊዜ የሚመጣ ቢሆን ቆጠራው የፖይሰንን ሕግ ይከተል ነበር፤ ማለትም ቫሪያንሱ፣ የቆጠራዎቹ የመበታተን ልክ፣ ከአማካዩ ጋር ይቀራረብ ነበር። የተገኘው ግን አማካዩን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ቫሪያንስ ነው። ብዙዎቹ ብልቃጦች ባዶ ወይም ለባዶ የቀረቡ ሲሆኑ ጥቂቶቹ በመቶ የሚቆጠር ተቋቋሚ ይዘው ተገኙ። ለውጡ በእነዚያ ውስጥ ቀደም ብሎ ተከስቶ ሲባዛ ቆይቷል ማለት ነው። ዛሬ ዕጢ ለመድኃኒት አልበገር ሲል «ተቋቋሚዎቹ ሴሎች መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ነበሩ ወይ?» ብለን የምንጠይቀው በዚያው መንገድ ነው።

በ1954 ፒተር አርሚቴጅና ሪቻርድ ዶል በካንሰር የሚሞቱ ሰዎችን ቁጥር ከዕድሜ ጋር አነጻጽረው ሁለቱንም በሎጋሪዝም ሚዛን አሰፈሩ። ቀጥ ያለ መስመር ወጣ፤ ወደ ላይ የሚወጣበት ተዳፋት 6 ገደማ ነው። ዕድሜ እጥፍ ሲሆን የሞቱ መጠን 64 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በሽታው አንድ ሴል ስድስት ወይም ሰባት ለውጦችን ተራ በተራ ካለፈች በኋላ የሚከሰት ነው አሉ፤ አንድም ጂን ሳያዩ። በ1971 አልፍሬድ ክኑድሰን የዓይን ካንሰር የያዛቸውን 48 ሕፃናት ዕድሜ ብቻ ተመልክቶ ሁለት ምት፣ ማለትም ሁለት የጂን ጉዳት፣ እንደሚያስፈልግ፣ በዘር በሚወረሰው ዓይነት ደግሞ የመጀመሪያው ምት ከልደት በፊት እንዳለ ገመተ። ጂኑ በእጅ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ በ1986 ነው።

ወደ ቅርቡ ስንመጣ፣ በአሜሪካው ሞፊት የካንሰር ማዕከል የተሞከረው የመድኃኒት አሰጣጥ አለ። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው አቢራቴሮን ፒኤስኤ የተባለው በደም የሚለካ የፕሮስቴት ፕሮቲን መጠን ከመነሻው በግማሽ ሲወርድ ይቆማል፤ ወደ መነሻው ሲመለስ ደግሞ ይቀጥላል። ሐሳቡ በመድኃኒቱ የሚሞቱት ሴሎች ጨርሰው ካልጠፉ የማይሞቱትን ተሻምተው ያዳክማሉ የሚል ነው። በ2017 የወጣው ውጤት ተስፋ ሰጪ ነበር። የታካሚዎቹ ቁጥር ግን ጥቂት ነበር፤ በዕጣም አልተመደቡም። እንግዲህ ይህ ውጤት መፈተሽ አለበት። ማን ይፈትሸው? ፈትሾስ ምን ያገኛል? የመጣሁት ለዚህ ጥያቄ ነው።

የእኛ ሙያ ያገኘን ይሸልማል። የፈተሸን ግን አይሸልምም፤ አይከፍልም፤ ብዙ ጊዜ አያመሰግንምም። አዲስ ጂን ያገኘ ስሙ በሽፋን ላይ ይወጣል። ያ ጂን ከምኑም እንደሌለበት ያሳየ ሰው «ምቀኛ» ካልተባለ ዕድለኛ ነው። በአራቱም መስኮቻችን፣ በሒሳብ፣ በስታቲስቲክስ፣ በፊዚክስና በባዮሎጂ፣ ይህ ያለ ነገር ነው፤ እኩል ግን አይደለም። ልዩነቱን ለማሳየት አንድ ታሪክ በዝርዝር ልናገር። የምታውቁት ትኖራላችሁ፤ ታገሡኝ።

በ2006 ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጽሑፍ በኔቸር ሜዲሲን ታተመ። የዕጢውን የጂን እንቅስቃሴ አይተን የትኛው ኬሞቴራፒ እንደሚሠራ አስቀድመን እናውቃለን የሚል ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው። 60 የታወቁ የሴል መስመሮች፣ ማለትም በላቦራቶሪ እየተራቡ የሚኖሩ የካንሰር ሴሎች፣ አሉ፤ እያንዳንዱ መስመር ለየመድኃኒቱ ያለው ስሜታዊነት ተለክቶ ተቀምጧል። ለአንድ መድኃኒት ቶሎ የሚሞቱትን በአንድ ወገን፣ የማይበገሩትን በሌላ ወገን ታስቀምጣላችሁ። በሁለቱ መካከል የሚለያዩትን ጂኖች ትመርጣላችሁ። እነዚያን ወደ ጥቂት ቁጥሮች ጨምቃችሁ የትንበያ ቀመር ትሠራላችሁ። በመጨረሻ የታካሚዋን ዕጢ ለክታችሁ በቀመሩ ታሳልፋላችሁ። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያምር ሥራ ነው።

በአሜሪካ የሚገኘው የኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ዘዴውን ሊጠቀሙበት ፈልገው ሁለት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችን፣ ኪት ባገርሊንና ኬቨን ኩምስን፣ እስቲ እዩልን አሏቸው። ሁለቱ ሰዎች ከታተመው ዳታ ተነሥተው ውጤቱን መልሰው ለማግኘት ሞከሩ። አልመጣም። ጂኖቹን መረጡ፤ ከታተመው ዝርዝር ጋር አልገጠመም። በኋላ ነገሩ ገባቸው፤ ዝርዝሩ በሙሉ በአንድ ረድፍ ተንሸራቷል። ሶፍትዌሩ ሁለት ፋይል ይጠይቃል፤ የልኬቱ ፋይል የርዕስ ረድፍ አለው፣ የጂን ስሞቹ ፋይል ደግሞ የርዕስ ረድፍ ሊኖረው አይገባም። ርዕስ ያለው የስም ፋይል ሲሰጡት እያንዳንዱ ልኬት የጎረቤቱን ጂን ስም ይዞ ወጣ። ሶፍትዌሩ አልጮኸም፤ ቀይ መብራት አላበራም። ቁጥሩ ትክክል፣ ስሙ የሌላ።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የስም ስህተት ትንበያውን አይለውጠውም፤ ባዮሎጂያዊ ማብራሪያውን ነው የሚያበላሸው። ግን ማብራሪያው ደግሞ አምሮ ተጽፎ ነበር! በ2007 ሲስፕላቲን ስለተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ከዚያው ቡድን በወጣው ሌላ ጽሑፍ ዲኤንኤን የሚጠግኑ ጂኖች በዝርዝሩ ውስጥ መገኘታቸው የውጤቱ ማስረጃ ሆኖ ቀርቧል። ባገርሊና ኩምስ ሲያዩት እነዚያ ስሞች ረድፉ ተስተካክሎም ከሶፍትዌሩ አይወጡም። ከተጠቀሱት የጂን መለኪያ ነጥቦች ሁለቱ እንዲያውም ልኬቱ በተሠራበት ቺፕ ላይ ጭራሽ አልነበሩም። ያልተለካ ነገር እንዴት ውጤት ሆኖ ይወጣል?

ቀጠሉ። ለአንዳንድ መድኃኒቶች «የሚሞት» እና «የማይበገር» የሚሉት መለያዎች ተገለባብጠው ተገኙ። ይህ የረድፍ ጉዳይ አይደለም። መለያው ከተገለበጠ ቀመሩ ለታካሚዋ የማይሠራላትን መድኃኒት «ይሠራል» ብሎ ይመርጥላታል። በማረጋገጫው ዳታ ውስጥ ደግሞ ያው ናሙና ተደጋግሞ ገብቷል፤ አንዱ ቅጂ «የሚሞት»፣ ሌላው ቅጂ «የማይበገር» ተብሎ።

በ2007 ለጆርናሉ ደብዳቤ ጻፉ። የተሰጠው መልስ ስህተቶቹ ጥቃቅን ናቸው፣ ውጤቱ እንደቆመ ነው የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በዚህ ቀመር ታካሚዎችን የሚመድቡ ክሊኒካዊ ሙከራዎች ተጀመሩ። በ2009 ሙሉ ትንተናቸውን ሐኪም በማይከፍተው የስታቲስቲክስ ጆርናል አሳተሙ። ሙከራዎቹ ለጊዜው ቆሙ፤ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ገምጋሚዎች አስመጣ። ባገርሊ የላከው አዲስ ትችት ግን ለገምጋሚዎቹ አልደረሰም። በጥር 2010 ሙከራዎቹ እንደገና ተከፈቱ።

ታዲያ በመጨረሻ ምን አስቆማቸው? እዚህ ላይ ብቆጣ ይቅር በሉኝ። የረድፉ መንሸራተት አይደለም፤ የመለያው መገልበጥም አይደለም። በሐምሌ 2010 አንድ የሙያ ጋዜጣ የዋናው ተመራማሪ የትምህርት ማስረጃ ላይ የሮድስ ስኮላርነት፣ ያ ታዋቂ የኦክስፎርድ የነጻ ትምህርት ዕድል፣ በሐሰት መጻፉን አወጣ፤ በቀናት ውስጥ ሙከራዎቹ ታገዱ፣ ዓመቱ ሳያልቅም ተዘጉ! የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ሰንጠረዥ ሲገለበጥ ያልደነገጠ ሁሉ የማመልከቻ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ሲዋሽ ደነገጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጻፈ ስሌት ያላስቆመውን አንድ የማዕረግ ስም አስቆመው። እስከዚያ ከመቶ በላይ ታካሚዎች በሙከራዎቹ ተመዝግበዋል። ጽሑፎቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ፤ በ2015 የአሜሪካ የምርምር ሥነ ምግባር መሥሪያ ቤት ዳታው ሆን ተብሎ መዛባቱን አሳወቀ።

ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ ሲሠሩ የማን በጀት ላይ ነበሩ? በየትኛው የዕድገት መመዘኛ ስንት ነጥብ ተያዘላቸው? ይህን ጥያቄ በዚህ አዳራሽ ላሉ የክፍል ኃላፊዎች አነሣለሁ፤ ለእነርሱ ብቻ ሳይሆን በእነርሱ ቦታ ነገ ለምትቀመጡት ተማሪዎችም።

አሁን ፊዚክስን እዩ። በመስከረም 2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ሙከራ ቡድን፣ ጄኔቫ አጠገብ ካለው የሰርን ላቦራቶሪ ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ርቆ ጣሊያን ውስጥ ወደሚገኘው ግራን ሳሶ የሚደርሱ ኒውትሪኖ የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከብርሃን በ60 ናኖ ሰከንድ ቀድመው ደረሱ አለ። ቡድኑ ያንኑ ቀን ያለው «ስህተታችንን ፈልጉልን» ነው። በወራት ውስጥ ራሳቸው በደንብ ያልተሰካ የፋይበር ገመድ አገኙ። ሌላው ጠቋሚ (ቅንጣቶችን የሚለካ መሣሪያ)፣ ኢካሩስ፣ በዚያው ጨረር ለክቶ ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን እንደማይቀድሙ አሳየ። እርግጥ የፊዚክስ ሰዎችም መላእክት አይደሉም፤ የቡድኑ መሪዎች በዚያ ጦስ ሥልጣናቸውን ለቀዋል። በታኅሣሥ 2015 ደግሞ በሰርን ሁለት ጠቋሚዎች 750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት በሚባለው የጉልበት ልክ ላይ አዲስ ቅንጣት የሚመስል ጉብታ አዩ። ቲዎሪስቶቹ አላስቻላቸውም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ጎረፉ። በነሐሴ 2016 ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ ጉብታው ጠፋ። ማንም «ግኝት» ብሎ አልፈረመበትም ነበር፤ አምስት ሲግማ አልሞላማ። አምስት ሲግማ ማለት ምንም በሌለበት እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የባሰ መዋዠቅ የሚገጥመው በ3.5 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ገደማ ነው ማለት ነው። የባዮሎጂው ወሰን 20 ላይ አንድ ነው።

ባዮሎጂስቶች አምስት ሲግማ ያምጡ እያልኩ አይደለም። ለዚያ የሚበቃ አይጥ ማንም ላቦራቶሪ የለውም። እንዲመጣ የምፈልገው ሌላ ነው። በእነዚያ ቡድኖች ውስጥ የባልደረባን ትንተና መስበር የተመደበ፣ ደመወዝ ያለው ሥራ ነው። ውጤቱ ከመታየቱ በፊት የመተንተኛው መንገድ ይቆለፋል። ሁለት ጠቋሚ የተሠራው አንዱ ሌላውን እንዲያይ ነው።

ሒሳብም ተምሯል። ቶማስ ሄልስ በ1998 ሉሎች ቦታ ሳያባክኑ እንዴት እንደሚደረደሩ የሚናገረውን የኬፕለርን ግምት አረጋገጥኩ ሲል ገምጋሚዎቹ ለዓመታት ደክመው «99 በመቶ እርግጠኞች ነን» ብለው ቆሙ። ሄልስ አንድ በመቶዋ አላስተኛችውም፤ ከባልደረቦቹ ጋር ማረጋገጫውን በሙሉ ኮምፒውተር በሚፈትሸው ቋንቋ ጻፈው፤ በ2014 አለቀ። በ2023 ጋወርስ፣ ግሪን፣ ማነርስና ታኦ አንድ ትልቅ የቅንብራዊ ሒሳብ ግምት ሲያረጋግጡ ሊን በተባለው ሶፍትዌር ተፈትሾ ያለቀው በሦስት ሳምንት ገደማ ነው። የሠሩት ሰዎች ስማቸው ተመዝግቦ ይገኛል። ደግሞም ፍተሻ የተሳሳተውን መጣያ ብቻ አይደለም። ቶማስ ሮየን የተባለ ጡረተኛ ጀርመናዊ የስታቲስቲክስ ሰው በ2014 የጋውስ የተዛምዶ ኢ-እኩልነት የተባለውን የሒሳብ ግምት አረጋገጠ፤ ብዙም በማይታወቅ ጆርናል ስላሳተመው ለዓመታት ልብ ያለው አልነበረም። የሚፈትሽ ዓይን ሲጠፋ ትክክለኛውም ሥራ አብሮ ይቀበራል።

ወደ ካንሰር ባዮሎጂ ልመለስ። ከ53 ታዋቂ ጽሑፎች 193 ሙከራዎችን ለመድገም የታቀደው ፕሮጀክት በ2021 ውጤቱን አወጣ። መድገም የተቻለው ከ23 ጽሑፎች 50 ሙከራዎችን ብቻ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ከ193ቱ ውስጥ በጽሑፉ ላይ ከሰፈረው ብቻ ተነሥቶ ሊደገም የሚችል አንድም አልነበረም። አንድም! ለእያንዳንዱ ደራሲዎቹን መለመን ግድ ሆነ። ከተደገሙት ውስጥ የታየው የለውጥ መጠን መካከለኛው ከመጀመሪያው በ85 በመቶ ያነሰ ነበር። ይህን ስንሰማ «ደጋሚዎቹ እጃቸው አልተፍታታም» የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገኛል። እጁ የተፍታታው ሰው የሚያደርገውን ለምን አልጻፈውም?

ለተማሪዎቹ ስል አንድ የተግባር ነገር በቁጥር ላሳይ፤ ፈታሽ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነውና። ስድስት አይጦች አሉ፤ ሦስቱ መድኃኒት ወስደዋል፣ ሦስቱ አልወሰዱም። ከእያንዳንዱ 50 ሴል ተለካ። በጽሑፉ ላይ «የናሙና ብዛት 300» ተብሎ ይገባል። የአንድ አይጥ ሴሎች ግን ይመሳሰላሉ። በመካከላቸው ያለው ተዛምዶ 0.3 ቢሆን፣ 50 ላይ አንድ ቀንሳችሁ በ0.3 ታባዛላችሁ፤ አንድ ትጨምራላችሁ፤ 15.7 ይመጣል። 300ን በ15.7 አካፍሉት፤ እውነተኛው መረጃ የ19 ነጻ ሴሎች ያህል ነው። ከየአይጡ ሺህ ሴል ብትለኩ እንኳ ከ20 አያልፍም። የተዘገበው የስህተት መጠን ከእውነተኛው አራት ጊዜ ያንሳል፤ ስለዚህ ምንም የሌለበት ነገር ጎልቶ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ አይጥ አንድ አማካይ አውጡና ሦስትን ከሦስት አወዳድሩ። የነጻነት ዲግሪው፣ የነጻ መረጃው ቁጥር፣ 4 ነው፤ ለውጥ አለ ለማለት የሚያስፈልገው የቲ ወሰንም ከ1.97 ወደ 2.78 ይወጣል። ውጤታችሁ ያን ጊዜ ከጠፋ ቀድሞም አልነበረም። በየሴሉ የጂን እንቅስቃሴ የሚለኩት የነጠላ ሴል አር ኤን ኤ ጥናቶች ላይ ይኸው ችግር በሺህ ጂን ተባዝቶ ይመጣል፤ 20,000 ጂን በ0.05 ወሰን ከተፈተነ አንድም ለውጥ ባይኖር 1,000 ያህሉ «ተለወጠ» ይላሉ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልጥቀስ። መድኃኒት የወሰዱት ናሙናዎች ሰኞ፣ ያልወሰዱት ማክሰኞ ከተሠሩ የቀኑን ውጤት ከመድኃኒቱ የሚለይ ቀመር የለም፤ በየቀኑ ግማሽ በግማሽ አድርጉ። ባለ 96 ጉድጓድ የላቦራቶሪ ሳህን (ፕሌት) ላይ 36ቱ ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ፈሳሹ ከእነርሱ ቶሎ ይተናል። መድኃኒት ያልገባባቸውን ማነጻጸሪያዎች ሁሉ ጠርዝ ላይ ካደረጋችሁት ሴሎቹ ሲዳከሙ መድኃኒቱ ከእውነቱ ደካማ መስሎ ይታያል። የሴል መስመራችሁን ማንነት አስመርምሩ፤ ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የተባለው መስመር ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ተሠራበት፤ ኤም14 የተባለ የቆዳ ካንሰር መስመር ሆኖ ተገኘ። የጂን ስሞችን በኤክሴል አትክፈቱ፤ «ማርች1» የሚለውን ጂን ወደ ቀን ይለውጠዋል። በ2016 የወጣ ቆጠራ የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ገደማ ይህ ስህተት እንዳለባቸው አሳይቷል። በ2020 የጂኖቹ ስም እንዲቀየር ተደረገ። ሶፍትዌሩን ከማስተካከል ጂኑን መሰየም ቀለለ፤ ሳቁ ይቅርባችሁ፣ እውነት ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ ያለ ነገር ዓመታት የሚቆየው? ማየት ከባድ ስለሆነ አይደለም። ከዘረዘርኳቸው ውስጥ የተማረ ሰው በአንድ ቀን የማያየው የለም፤ ፋይሉ ከተሰጠው። ፋይሉ ግን አይሰጠውም! «ለሚጠይቅ ይሰጣል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሁላችን በጽሑፎቻችን እንጽፋለን፤ ስንጠየቅ ዝም እንላለን። ለግምገማ የሚላክልን ጽሑፍ ላይ ሰንጠረዡ ሳይኖር ውጤቱን ፈርመን እናሳልፋለን። ከዚያ ስህተቱ ሲወጣ «ሳይንስ ራሱን ያርማል» እንላለን። ሳይንስ ራሱን አያርምም፤ የሚያርሙት ሰዎች ናቸው፤ እነዚያን ሰዎች ደግሞ አንቀጥርም።

የምጠይቀው አጭር ነው። በየምርምር በጀቱ ውስጥ ከቡድኑ ውጭ ላለ ፈታሽ የተመደበ መስመር ይኑር፤ ሥራውም ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ይለቅ። የዕድገት ኮሚቴዎች የድጋሚ ጥናትንና የስህተት ዘገባን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይቁጠሩ። ለዚህ ስብሰባ የሚቀርብ ጽሑፍ ጥሬ ዳታውንና ኮዱን ካላያያዘ በመጪው ዓመት ወደ ግምገማ አይግባ። የታካሚ ምስጢር ያለበት ዳታ ይኖራል፤ ለእርሱ ስሙና መለያው ወጥቶ ቁጥጥር ባለበት ማሽን ላይ ማሳየት ይቻላል፤ ሰበብ ሲሆን ግን አይተነዋል።

ጊዜ የለንም የምትሉ ትኖራላችሁ። ከሰዓት በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ሦስት ቡድኖች ፋይላቸውን ለመስጠት ፈቅደዋል፤ ኮምፒውተር የያዛችሁ ግቡ፤ ከርዕስ ረድፉ ጀምሩ። አመሰግናለሁ።